ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ጁላይ 18 ቀን 2024 የኮሎምበስ ከተማ አስተዳደር ኔትወርክ በመረጃ ዘራፊዎች ተደፈረ። (በዚህ ምዕራፍ ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ራሱን ራይሲዳ ብሎ የሚጠራው ቡድን 6.5 ቴራባይት መረጃ ወስጃለሁ አለና በ30 ቢትኮይን ለጨረታ አቀረበው። ገዢ ሲጠፋ በኦገስት ወር ግማሽ ያህሉን በጨለማው ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርጎ በተነው። ከንቲባው አንድሩ ጊንተር ጋዜጠኞችን ሰብስበው ሕዝቡን አረጋጉ፤ የተሰረቀው መረጃ ወይ የተመሰጠረ ወይ የተበላሸ ስለሆነ ለሌቦቹ አይረባቸውም አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ፋይሎቹን አውርዶ ከፈተና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳየ። የነዋሪዎች ስም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የወንጀል ተበዳዮች ጉዳይ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከተማው ባለሙያውን ከሰሰው፤ በኖቬምበር ደግሞ ጉዳቱ ወደ 500,000 ሰዎች እንደሚደርስ አመነ።

ከንቲባው ሆን ብለው ዋሹ ለማለት አልደፍርም። በኋላ እንደተናገሩት፣ በጊዜው የደረሳቸውን ነው ያካፈሉት። እኔን የገረመኝ «ተመስጥሯል» የተባለው ነገር የአንድን ከተማ ሕዝብ ለማረጋጋት መብቃቱ ነው። በምን ቁልፍ እንደተመሰጠረ፣ ቁልፉም ማን ዘንድ እንዳለ በመጀመሪያው ሰዓት የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። እኛም ስልካችን ላይ ያለውን የመልእክት አፕ የምናምነው በዚሁ መንገድ ነው። በኮሎምበስ ሞርስ ሮድ ካለ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ደሴ ላሉት እናቱ የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው፣ አፑ «መልእክቶችዎ የተጠበቁ ናቸው» ካለው ሌላ ነገር አይጠይቅም።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር አጭር ነው፦ የምስጠራው ስልት ምርጫ ከሞላ ጎደል ያለቀለት ጉዳይ ነው። ያላለቀው፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ማወቁ ነው።

ያለቀለት የምለው በምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1977 መለኪያ አድርጎ ያጸደቀው ዴስ የተባለው ስልት ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ነበር። በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ የሠራው አንድ ማሽን ይህንኑ ቁልፍ በ56 ሰዓት ፈልጎ አገኘው። ያን ጊዜ ተተኪ ፍለጋው ተጀምሮ ነበር። የአሜሪካ የመለኪያና ቴክኖሎጂ ተቋም (ባጭሩ ኒስት) በ1997 ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ውድድር አውጆ 15 ዕጩዎች ቀርበውለታል። ተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሌላውን ስልት በአደባባይ እየደበደቡ ሦስት ዓመት ገደማ ቆዩ። በ2000 ያሸነፉት ጆአን ዴመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂጋውያን ናቸው፤ ሥራቸው ኤ ኢ ኤስ ተብሎ በ2001 ጸደቀ። ዛሬ ባንኩም፣ ዋትስአፑም፣ የሠራዊቱ ሬዲዮም የሚጠቀሙት እርሱን ነው። ባለ 256 ቢቱን ቁልፍ እየሞከሩ መፈለግ በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢተባበርም የማይታሰብ ነው። ዳንኤል በርንስታይን በ2008 ያወጣው ቻቻ20 ደግሞ ኤ ኢ ኤስን የሚያፋጥን ልዩ ክፍል በሌላቸው ርካሽ ስልኮች ላይ ይፈጥናል። መርካቶ ከሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ ርካሾቹ ስለሆኑ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል እያሉ መሟገት የባለሙያ መዝናኛ ነው፤ አንባቢዬ ሁለቱንም ሊያምን ይችላል።

ማመን የሌለበት የራሱን ፈጠራ የሚያሞግሰውን ነው። በ1883 ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሆላንዳዊ የቋንቋ መምህር ስለ ወታደራዊ ምስጠራ ሲጽፍ፣ ስልቱ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልወደቀ ድረስ ምስጢሩ መጠበቅ እንዳለበት ደነገገ። የእኛ ሰው በደርግ ዘመን በስልክ ሲያወራ «ዝናቡ አይሏል» ብሎ የሚግባባበት ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጠላፊው ነገሩ አንዴ ከገባው ሁሉም ይፈታል፤ የሚቀየር ቁልፍ የለውም።

የኬርክሆፍስን ሕግ በብረት የተጻፈ ሆኖ ለማየት ከኮሎምበስ በአይ-70 ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል መንዳት ነው። ዴይተን የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን የሚሠራው የናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ከተማ ነበረች። በ1942 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ኤኒግማ የተባለውን የምስጠራ ማሽን በባለ አራት ጎማ ዓይነቱ መጠቀም ሲጀምሩ የእንግሊዞቹ መፍቻ ማሽኖች አቅም አጠራቸው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራውን ለኩባንያው መሐንዲስ ለጆሴፍ ዴሽ ሰጠ። ዴሽና ባልደረቦቹ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ክብደቱ ከሁለት ቶን የሚያልፍ፣ ቦምብ የተባለ ማሽን ሠሩ። ከመቶ በላይ ማሽኖች ከዚያ ወጥተው ወደ ዋሽንግተን ተጫኑ። የማሽኖቹን ጎማ ሽቦ እየበየዱ ያዘጋጁት 600 ያህል የባሕር ኃይል ሴቶች ነበሩ፤ ምን እንደሚሠሩ አልተነገራቸውም። ብዙዎቹ ለአሥርት ዓመታት ለባሎቻቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ጀርመኖች ኤኒግማን ያመኑት የቅንብሩ ብዛት የሚያስፈራ በመሆኑ ነው። ግን ማሽኑ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ማንኛውም ፊደል ተመስጥሮ ራሱን ሆኖ አይወጣም። ኦፕሬተሮቹ ደግሞ የአየር ሁኔታ ዘገባቸውን በየቀኑ በተመሳሳይ ቃላት ይጀምሩ ነበር። የሚጠበቀውን ቃል ከተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር አስቀምጦ፣ ፊደል ከራሱ ጋር የገጠመበትን ቦታ ሁሉ መሰረዝ ይቻላል። የቀረውን ቦምቡ ይሞክረዋል። የዛሬዎቹ ስልቶች እንዲህ ያለ ቀዳዳ የላቸውም። የሰዎቹ ልማድ ግን ብዙም አልተለወጠም።

መመስጠር ብቻውን የማይሠራው አንድ ሥራ አለ፤ ይህን ሳልዘረዝር ባልፍ የምዕራፉ ወገብ ይሰበራል። መልእክት መደበቁና መልእክት አለመነካቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሎምበስ ያለ ልጅ ለእህቱ «1000 ብር ስጪው» ብሎ ጻፈ እንበል። ኮምፒውተር «1»ን የሚጽፈው 00110001 ብሎ ነው፤ «9»ን ደግሞ 00111001 ብሎ። ልዩነታቸው አንዲት ቢት ናት። ቻቻ20ም ሆነ ብዙዎቹ የኤ ኢ ኤስ አሠራሮች የሚመሰጥሩት እያንዳንዱን የመልእክት ቢት ከቁልፉ ከሚመነጭ አንድ ቢት ጋር በመደባለቅ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልፉን ሳያውቅ፣ መልእክቱንም ማንበብ ሳይችል፣ የቁጥሩን ቦታ ብቻ ገምቶ ያቺን አንድ ቢት ቢገለብጣት፣ እህትየው ዘንድ 9000 ሆኖ ይፈታል። ምስጠራው አልተሰበረም። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ለዚህ ነው ደህና አፕ ሁሉ ከመልእክቱ ጋር የማረጋገጫ ምልክት አስልቶ የሚልከው። ሲግናልና ዋትስአፕ ኤ ኢ ኤስን ከኤችማክ ጋር ያጣምራሉ፤ ቻቻ20 ብዙውን ጊዜ ፖሊ1305 ከሚባል ጓደኛው ጋር ይሄዳል። ምልክቱን ያለ ቁልፉ ማስላት አይቻልም፤ አንዲት ቢት ከተነካች አይገጥምም፤ ያልገጠመ መልእክት ደግሞ ሳይከፈት ይጣላል። በ2021 የዙሪክና የለንደን ተመራማሪዎች ቴሌግራም ራሱ የቀመረውን ስልት መርምረው፣ በኔትወርኩ ላይ ያለ አጥቂ የመልእክቶችን ቅደም ተከተል ሊያዛባ የሚችልበትን ቀዳዳ አገኙ። ኩባንያው ደፍኖታል። ቢሆንም ዓለም አደባባይ ላይ የፈተነውን ትቶ የራስን መቀመር ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አልፈልግም።

የጥንት ነገሥታታችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደርም ከሸዋም የወጡ ደብዳቤዎች አናታቸው ላይ ትልቅ ማኅተም አለባቸው፤ ጽሑፉ ግን ማንበብ ለሚችል ሁሉ ግልጽ ነው። ምስጢሩን መልእክተኛው በቃሉ ይዞት ይሄዳል። ማኅተሙ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ይመሰክራል፣ አፍ ደግሞ ጉዳዩን ይደብቃል። በእኛ ስልክ ሁለቱም ሥራ በቁጥር ይሠራል። ለማኅተሙ ሥራ የምንሰጠው ትኩረት ግን እጅግ ያንሳል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሳያውቁ፣ ሁሉም በሚሰማው መስመር ላይ የጋራ ምስጢር ማበጀት እንደሚችሉ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 አሳዩ። ኮሎምበስ ያለው ስልክና ደሴ ያለው ስልክ ያለ ቀጠሮ የሚመሳጠሩት በዚህ ነው። እያንዳንዱ ስልክ ለአደባባይ የሚሰጥ ቁልፍና ከራሱ የማይለይ ቁልፍ አለው፤ የአደባባዩን ለአፑ ሰርቨር ያስረክባል። ቀዳዳው ያለው እዚህ ነው። ሰርቨሩ፣ ወይም ሰርቨሩን ያስገደደው አካል፣ የእናትየውን ቁልፍ ብሎ የራሱን ቢሰጥስ? ልጅየው ፍጹም በሆነ ኤ ኢ ኤስ ለሰላዩ ይመሰጥራል፤ ሰላዩ አንብቦ፣ እንደገና መስጥሮ ለእናትየው ያሳልፋል። በሁለቱም ስልክ ላይ የቁልፏ ምልክት እንዳለች ናት።

መድኃኒቱ በሲግናልና በዋትስአፕ ውስጥ ተቀምጧል። የሰውየውን ስም ተጭነው ሲገቡ 60 አሃዝ ያለው ቁጥርና አንድ ኪውአር ኮድ ይመጣል፤ ቁጥሩ ከሁለታችሁ ቁልፍ የተሰላ ነው። በሁለቱም ስልክ አንድ ከሆነ መሀል የገባ የለም። እናትን በስልክ 60 አሃዝ ማስቆጠር እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ሰው ለገና ወይም ለሠርግ አገር ቤት ይገባል፤ አንዱ ስልክ የሌላውን ኮድ ሲቃኝ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። በቪዲዮ ከሆነ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አሃዞች ተራ በተራ ማነባበብ ከምንም ይሻላል፤ የእናትን ፊትና ድምፅ እያዩ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሰውየው ስልክ ሲቀይር «የደኅንነት ኮዱ ተቀይሯል» የሚለውን ማስታወቂያ ቸል አለማለት ነው። ዋትስአፕ ማስታወቂያውን በነባሪ አጥፍቶ ነው የሚመጣው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ማብራት የእርስዎ ፋንታ ነው።

ብዙ አንባቢ «እኔን ማን ብሎ ይሰልለኛል?» እንደሚል አውቃለሁ። በውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ይህን በቀላሉ ማለት አይገባውም። ዲሴምበር 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ በውጭ ሆኖ በሚያሰራጨው የኢሳት ቴሌቪዥን ሁለት ሠራተኞች ላይ ሦስት የጠለፋ ሙከራ ተደረገ። በስካይፕ ከሚያውቁት ሰው አካውንት ፋይል መጣላቸው። የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ ሲመረምረው በሚላኑ ሃኪንግ ቲም የተሠራ የስለላ ፕሮግራም ሆነ። በ2015 የሃኪንግ ቲም የራሱ ሰነዶች ተጠልፈው ሲወጡ ኢንሳ የተባለው የኢትዮጵያ መንግሥት የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ደንበኛው እንደነበር ታየ። ማታለያው ከምስጠራ ጋር ምንም አይገናኝም፤ የሰላዩ ሥራ የታመነ ሰውን ስም መልበስ ብቻ ነበር። በ2016 በእሬቻ በዓል ሰዎች ካለቁበት ሐዘን በኋላ ለኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩ ጃዋር መሐመድ የተላከው ኢሜይል ደግሞ ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ መስሎ የተሠራ ነበር፤ መጨረሻው ዶት ኮም መሆን ሲገባው ዶት ኔት ነው። ከጀርባው የነበረው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ያመረተው መሰለያ ነው። እነዚህ ሰላዮች ሥራቸው የሰፈረበትን መዝገብ በክፍት ሰርቨር ላይ ትተውት ስለነበር ተመራማሪዎቹ ዒላማዎቹን በብዙ አገሮች ተከትለው አይተዋል። ምስጢር ለሚያድን ሰው ይህን ያህል መዝረክረክ ያስቃል፣ ተጎጂዎቹን ካልሆነ።

የሜሪላንዱ ጉዳይ ከሁሉ የከፋ ነው። በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ውስጥ ያለ ኮምፒውተሩ ፊንስፓይ በተባለ ፕሮግራም ተይዞ ለወራት የስካይፕ ጥሪዎቹ ሲቀዱ ኖረዋል። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተቀድቷል። ስካይፕ የተመሰጠረ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ድምፁን የወሰደው ከመመስጠሩ በፊት ነው። መግቢያው ከወዳጅ ተላልፎ የደረሰው የወርድ ሰነድ ነበር። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት ከባሕር ማዶ ሆኖ ላደረሰው እንዲህ ላለ ጉዳት በአሜሪካ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው፤ ጥፋቱ ሁሉ በአሜሪካ ምድር ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

እንዲህ ካለ ጠላት ጋር አፑን መቀየር አያድንም። የሚያድነው ስልኩን ማዘመን፣ ያልጠበቁትን ፋይል አለመክፈት፣ ከወዳጅ የመጣም ቢሆን በሌላ መስመር ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አፕ ሲመረጥ የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። በ2014 የዞን 9 ጦማርያን ሲከሰሱ፣ በመልእክት ምስጠራ መሠልጠናቸው ራሱ በክሱ ውስጥ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ። ማንም በማይጠቀምበት አፕ መጠቀም በራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ላለ ሰው ቢሊዮኖች የሚጠቀሙበትን ዋትስአፕ የምመክረው ለዚህ ነው፤ ምስጠራው የሲግናል ስለሆነ በይዘት ብዙ አያጣም፤ ከብዙሃኑ መሀል ደግሞ አይለይም። ግን ዋትስአፕ ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ ያውቃል፤ ሲግናል ግን የሚያስቀምጠው ከምዝገባ ቀንና ከመጨረሻ ጊዜ ከገቡበት ቀን ብዙም አያልፍም። የቴሌግራም ነገር ሌላ ነው። የዕድር፣ የዕቁብ፣ የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ሁሉ እዚያ ነው፤ ፋይል ለመላክ፣ ለትልቅ ግሩፕ፣ ለቻናል አቻ የለውም። ነገር ግን ተራው የቴሌግራም ወግ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ግሩፑም በፍጹም አይሆንም። ቁልፉ የኩባንያው ነው። «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው የተለየ፣ እሱም ለሁለት ሰዎችና ለአንድ ስልክ። ለማስታወቂያ ይሁን፤ ለሕክምና ውጤትና ለባንክ ጉዳይ አይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኮሎምበስ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰማው ዝርፊያ ምንም ዓይነት ሒሳብ አይጠይቅም። «ጋሼ፣ በስህተት ወደ እርስዎ ስልክ ኮድ ሄዶብኝ ነው፣ ይላኩልኝ» የሚል መልእክት ከሚያውቁት የማኅበር አባል ይመጣል። ኮዱ የራሳቸው የጋሼ አካውንት መክፈቻ ነው። ከላኩት በኋላ ስማቸውንና ፎቷቸውን የለበሰው ሌባ ወደ ሌሎች ይቀጥላል፤ «ወንድሜ ሆስፒታል ገብቷል» እያለ።

ይህ የሚሆነው አብዛኛው የመልእክት አፕ ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥሩንም በኤስ ኤም ኤስ በሚላክ ኮድ ስለሆነ ነው። ኤስ ኤም ኤስ አይመሰጠርም፤ የስልክ ኩባንያው ያየዋል። የሌላ ሰውን ቁጥር በራሱ ሲም የሚያስወጣ አጭበርባሪ ኮዱን ይረከባል። ኒስት በ2017 ኤስ ኤም ኤስን ለማንነት ማረጋገጫ የተገደበ አማራጭ አደረገው። በ2024 መጨረሻ የቻይና ጠላፊዎች የአሜሪካን ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ሰብረው መግባታቸው ሲታወቅ ሲሳ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለባለሥልጣናት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥር አፕ ተጠቀሙ፣ በኤስ ኤም ኤስ የሚመጣ ማረጋገጫ ተዉ ሲል ጻፈ። አንዳንድ የመንግሥት ተቋማት ለዓመታት ምስጠራን ሲቃወሙ በኖሩበት አገር ነው ይህ የሆነው እንግዲህ።

ማድረግ ያለብንን በአንድ ምሽት ማድረግ ይቻላል። በዋትስአፕ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚለውን ከፍቶ ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ማስገባት፤ በቴሌግራም ተመሳሳዩን ከፍቶ ፓስወርድ ማድረግ፤ በሲግናል የምዝገባ መቆለፊያውን ማብራት። ኤስ ኤም ኤሱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን ማለፍ አለበት። ቀጥሎ «የተያያዙ መሣሪያዎች» የሚለውን ዝርዝር ከፍቶ የማያውቁትን ኮምፒውተር ማስወጣት፤ በ2025 ጉግል እንዳስታወቀው ከሩሲያ ጋር የተሳሰሩ ሰላዮች የሲግናል ተጠቃሚዎችን በሐሰተኛ ኪውአር ኮድ እያታለሉ የራሳቸውን ኮምፒውተር ከአካውንቱ ጋር ያያይዙ ነበር። ዋትስአፕ ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂውን በነባሪ ሳይመሰጥር ወደ ጉግል ወይም አፕል ክላውድ ይልከዋል፤ ከ2021 ጀምሮ መመስጠር ይቻላል፤ ባለ 64 አሃዙ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ግን ቅጂውን ማንም አይመልስለትም።

የኳንተም ኮምፒውተር አንድ ቀን የቁልፍ መለዋወጫውን ይሰብራል የሚል ፍርሃትም አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን የሚያደርግ ማሽን በአደባባይ አልታየም። ነገር ግን የዛሬውን መልእክት አጠራቅሞ ለነገ ማቆየት ይቻላልና ሲግናል በ2023፣ አፕል በ2024 ቁልፍ መለዋወጫቸውን አጠናክረዋል። ኒስትም በኦገስት 2024 አዲሶቹን መለኪያዎች አጸደቀ። ይህ በአፑ ማዘመኛ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ማዘመን ነው።